ከሐረር ለእናት የተላከ ፎቶ

ዛሬ ታሪኩን የምናወራለት ዕቃ ምናልባት ከራሳችሁ ቤት ቡፌ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም አክስት በሰው እጅ የላከው ነው። ሲያዩት ተራ የፎቶ ፍሬም ይመስላል፤ ከፊቱ ያለው ግን መስታወት ሳይሆን ስክሪን ነው። ልጅየው ሚኒሶታ ወይም ጅዳ ሆኖ ስልኩን ነካ ሲያደርግ፣ አዲስ የተወለደችለት ሕፃን ፎቶ ጭሮ ውስጥ እናቱ ፊት ብቅ ይላል። እናት ምንም መንካት አይጠበቅባቸውም፤ ቁጭ ብለው ማየት ብቻ ነው። ዲጂታል የፎቶ ፍሬም ይሉታል። በእናንተ ቤት ባይኖር እንኳ ወንድሞቹን አታጡም፤ ስማርት ቲቪው፣ ከስልክ ጋር የሚነጋገረው የበር ካሜራ፣ በስልክ የሚበራውና የሚጠፋው አምፖል ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ብዙዎቻችን ይህን ዕቃ ትናንት የመጣ አዲስ ነገር አድርገን እናየዋለን። እኔ ግን በሐረርጌ ምድር ከመቶ ዓመት በፊት የተጀመረ የአንድ ጉዳይ ቅጥያ ነው ባይ ነኝ። ጉዳዩም ይህ ነው፦ ሩቅ ያለ ሰው መልኩን ወይም ድምፁን ወደ ቤቱ ሲልክ፣ መሐል ላይ ያለው እጅ የማን ነው? ያ እጅ የታጠፈ ቀንስ ቤት ውስጥ ምን ይቀራል?

ከሐረር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር በግብጾች እጅ ነበረች። በዚያን ጊዜ በከተማዋ አንድ የሃያ ስምንት ዓመት ፈረንሳዊ የቡናና የቆዳ ነጋዴ ይኖር ነበር፤ ተቀጥሮ የሚሠራው ኤደን ላይ ለተቀመጠ የንግድ ቤት ነው። ስሙ አርተር ራምቦ ይባላል። በወጣትነቱ የጻፋቸው ግጥሞች በኋላ ዓለምን አስደንቀዋል፤ ሐረር ሲደርስ ግን ግጥሙን ትቶት ነበር። (ሐረር የሄዳችሁ “ራምቦ ቤት” የሚባለውን ሙዚየም ጎብኝታችሁ ይሆናል። ቤቱ ከእሱ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው፤ እሱ አልኖረበትም።)

ራምቦ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ከፈረንሳይ የፎቶ ካሜራ አስመጣ። ከዚያ ራሱን አነሣ። አንዱን ፎቶ በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱን በቡና ተክል መሐል፣ አንዱን ደግሞ በሙዝ ተክል ውስጥ እጆቹን አጣምሮ። በግንቦት ወር ላይ ከደብዳቤ ጋር አድርጎ ፈረንሳይ ወዳሉት እናቱና እኅቱ ላካቸው። መልኬን እንድታስታውሱ ያህል ነው አላቸው። ፎቶዎቹ ነጣ ማለታቸውንም አልደበቀም፤ ያጠባቸው በመጥፎ ውኃ እንደነበር ጻፈላቸው።

እስቲ የዚያን ፖስታ መንገድ አስቡት። ከሐረር እስከ ዘይላ በግመል፣ በረሃውን አቋርጦ፤ ራምቦ ራሱ መጀመሪያ ወደ ሐረር ሲመጣ ያንን መንገድ በፈረስ ሃያ ቀን ፈጅቶበታል። ከዘይላ ኤደን በጀልባ። ከኤደን በመርከብ ወደ አውሮፓ። ከዚያ በባቡር ወደ ገጠር። ግመል ነጂው፣ ባሕረኛው፣ ፖስተኛው፣ እያንዳንዱ እጅ ቀጥሎ ላለው እያቀበለ። እኛ ዛሬ “ልጅ ውጭ አገር፣ እናት ሐረርጌ” የሚለውን ሥዕል ለምደነዋል፤ እዚህ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ። ልጅ ሐረር፣ እናት ፈረንጅ አገር። ፎቶዎቹ ደርሰዋል። ቤተሰቡ ስላስቀመጣቸውም እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ እንደነጡ።

ስለ ውኃው አንድ ነገር ልጨምር። እኛ እስከ ዛሬ “ፎቶ አሳጠብኩ” ነው የምንለው። ፎቶ ቤት ሄደን ከስልካችን በማሽን ስናሳትም፣ ጠብታ ውኃ በሌለበት፣ “ማሳጠብ” ማለታችንን አልተውንም። ቃሉ ፎቶ በጨለማ ክፍል ውስጥ በመድኃኒትና በውኃ ሲታጠብ፣ ገመድ ላይ ሲሰጣ ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው። የሐረር ውኃ የራምቦን መልክ እንዳነጣው ሁሉ፣ በየከተማው ያሉ ፎቶ አንሺዎችም ከውኃ ጋር ትግል ነበራቸው።

ፎቶ ወደ ሰፊው ሕዝብ ቤት የገባው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር። አርመናዊው የቦያጅያን ቤተሰብ የቤተ መንግሥቱን ፎቶ አንሺነት ከአባት ወደ ልጅ እያወረሰ እስከ ንጉሡ ዘመን ማብቂያ ዘልቋል። ከዚያ በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ፤ ጀርባው ላይ አበባና መጋረጃ የተሳለበት ሸራ፣ ፊት ለፊት አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ማበጠሪያና መስታወት። የአያቶቻችሁ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ልብ ብላችሁ እዩት። ጣሪያው ሥር ከፍ ብሎ የተሰቀለ፣ ወደ ፊት ዘንበል ያለ፣ የሚያየው ሰው ቀና እንዲል የተደረገ ነው። አልበሙ ደግሞ የእንግዳ ድርሻ ነው። ቡናው እስኪፈላ አልበሙ ይመጣል፤ እንግዳው እያገላበጠ “ይቺ ማናት?” ይላል፤ እናት ይመልሳሉ። የሞተው፣ የተሰደደው፣ የተዳረችው፣ ሁሉም በዚያ ጥያቄና መልስ ውስጥ ያልፋል። ዲጂታል ፍሬሙ ይህን ሥራ ገና አልተካውም። ፎቶው በየአሥር ሰከንዱ ይቀያየራል፤ “ይቺ ማናት?” ብላችሁ ሳትጨርሱ ሄዳለች።

አሁን ወደ ሽቦው እንለፍ።

ራስ መኮንን ከኢጣሊያ ጉዟቸው ሲመለሱ ስልክ ይዘው እንደመጡ ይነገራል። ኢትዮ ቴሌኮም የራሱን ልደት የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ነው፤ የመጀመሪያው ረጅም የስልክ መስመርም ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነበር። የመጀመሪያው መስመር ከሐረር መነሣቱን አስተውሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የባሕር በሩ፣ ንግዱ፣ የውጭ ወሬው ሁሉ የሚገባው በዚያ በኩል ነበር። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በደጋው መንገድ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ጨርጨርን ሳያቋርጥ አይደርስም። በስልኩ የሚነጋገረው ግን የጨርጨር ገበሬ አልነበረም። ስልኩ የንጉሡና የሹማምንት ነበር፤ ገበሬው ስለ ስልክ የሚያውቀው ካየው እንጨትና ሽቦ አያልፍም።

ባቡሩ ትንሽ ሰፋ አደረገው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። መሐል ላይ ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ ሚኤሶ አለች። ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆና ነበርና፣ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ በሕግና በቴምብር የሚሄድ ነገር ሆነ። የግመሉ ሃያ ቀን አበቃ።

አሰበ ተፈሪ የምትባለው ከተማ የተቆረቆረችው በዚህ የባቡር ዘመን ነው። በ1910ዎቹ የጨርጨር ገዥ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው ከተማዋን ለግዛታቸው መቀመጫ፣ ለሌላው አገር ምሳሌ እንድትሆን ብለው ያቋቋሟት። ስሟም “የተፈሪ ዋጋ” እንደማለት ነው፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ማለት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትን ብዙዎቻችሁ “ፋቡላ” በተባለው ተውኔታቸውና በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ታውቋቸዋላችሁ። ለዚህ ታሪካችን የሚጠቅመን ግን ልጅነታቸው ነው። ገና ብላቴና ሳሉ ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ዓድዋ ዘመቱ፤ ከዚያ ወደ ሩሲያ ተላኩ፤ እዚያ አድገው፣ የመድፍ ትምህርት ተምረው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለሱት። የስልኩ ሽቦ ያን ጊዜ ከሐረር አዲስ አበባ ነው፤ ሞስኮ አይደርስም። እናት ልጃቸው ምን መልክ እንዳወጣ ለማየት እስኪመለስ መጠበቅ ነበረባቸው። ከተማችሁን የቆረቆረው ሰው ራሱ የሩቅ አገር ልጅ ነበር ማለት ነው።

ሽቦ የማያስፈልገው ነገር ቀጥሎ መጣ። ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ አቃቂ ላይ የራዲዮ ጣቢያ ተከፍቶ ነበር፤ ጦርነቱ ደረሰና ብዙ አልቆየም። ራዲዮ በሐረርጌ ከተሞች እውነተኛ የቤት ዕቃ የሆነው ግን ከ1950ዎቹ ወዲህ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሹ ትራንዚስተር ሲመጣ ነው። መብራት የሌለበት ቤትም ድምፅ ገባ። ያን ጊዜ በአፋን ኦሮሞ የሚያሰራጭ ጣቢያ አገር ውስጥ አልነበረም። የጨርጨር ተወላጁ ሼህ መሐመድ ረሻድ ከሞቃዲሾ ራዲዮ የአፋን ኦሮሞ ዝግጅት ጀመሩ፤ ድንበር ተሻግሮ የመጣውን የራሱን ቋንቋ ለመስማት የሐረርጌ ሰው ራዲዮው ዙሪያ ተሰበሰበ። አስቡት፤ ባለቤቱ አጠገባችሁ ነው፣ ድምፁ ግን ዞሮ የሚመጣው በሌላ አገር መንግሥት በኩል ነው። ያ መንግሥት ደግሞ የራሱ ሐሳብ ነበረው።

የእናንተ አያቶች ምናልባት ይበልጥ የሚያስታውሱት ሌላውን ጣቢያ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ መርቀው የከፈቱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ጌጃ ላይ የተተከሉት ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት ማሠራጫዎች ድምፁን በአጭር ሞገድ ወደ አፍሪካ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ በብዙ ቋንቋ ይልኩ ነበር። የአማርኛውን ዝግጅት የሚያሰናዳው ስቱዲዮ የምሥራች ድምፅ ይባል ነበር። ስለዚህ ጣቢያ ስናወራ ስብከቱን ብቻ እናነሣለን፤ ትክክል አይመስለኝም። አብዛኛው የአየር ሰዓት የዜና፣ የጤና፣ የእርሻ፣ የትምህርትና የሙዚቃ ነበር። ልጅን ስለማጥባት፣ ውኃ ስለማፍላት ይነገርበት ነበር። ሰው ያመነውም እንደዚያ ስለሆነ ይመስለኛል፤ የሚነግረው ነገር ቤቱ ውስጥ ይሠራል።

ከዚያ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ጣቢያውን ወረሰ። ስሙ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። በሰሚው ቤት ምን ተለወጠ? ራዲዮው ያው ነው። የተገዛው በገዛ ገንዘቡ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለበት ቦታ ያው ነው፤ የባትሪ ድንጋዩም ያው። ቁልፉን የሚያዞሩበት ቁጥር እንኳ ያው ነው። የተለወጠው ከመቶ ኪሎ ሜትሮች ባሻገር በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቁልፉን የያዘው እጅ ነው። የቤት ዕቃው የእናንተ ነው፤ በዕቃው ውስጥ የሚያልፈው ግን የሌላ ሰው ነው። ስለ ዲጂታል ፍሬሙ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መምህር አላገኘሁም።

ቴሌቪዥኑ በ1957 ዓ.ም. ጀመረ፤ አውራጃ ከተሞች እስኪደርስ ግን ዓመታት ወሰደበት። እሱን እንለፈው። ካሴቱን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ የመን የሄደ ልጅ መጻፍ ለማይችሉ ወላጆቹ ድምፁን ካሴት ላይ ቀድቶ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር። ቤተሰቡ ቴፑን ከብቦ ያለቅሳል፣ ይስቃል፤ ከዚያ መልሱን በዚያው ካሴት ላይ ቀድቶ ይመልሳል። ደግሞም የዲሹን ወሬ እናንተም ታስታውሳላችሁ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወጥተው ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ አገሩ ሁሉ አንድ ሰሞን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ሲያዞር ነበር። ቲቪው አልተበላሸም። ሰማይ ላይ ያለው አድራሻ ነው የተቀየረው።

ወደ ፍሬሙ የሚወስደን ቀጣዩ መንገድ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በቡና በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች በአንድ ክፍል ባለ የቡና ማሽን ይጠቀሙ ነበር። ሌላ ፎቅ ላይ የሚሠሩት ደረጃ ወጥተው ወርደው ሲደርሱ ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ካሜራ አቆሙና ሥዕሉን በየኮምፒውተራቸው እንዲያዩት አደረጉ፤ በ1993 ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ወጣና የዓለም ሰው የካምብሪጅን ቡና ያይ ጀመር። በነሐሴ 2001 ተዘጋ። ከርቀት እየታዩ ከኢንተርኔት ጋር ከተገናኙት የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች አንዱ እንግዲህ የቡና ዕቃ ነበር። የሐረር ቡና የሚበቅልበት የጨርጨር ሰው ቢሆን ካሜራ ባላስፈለገው፤ የተቆላው ሽታ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠራ ነበር።

ፎቶን ወደ ቤት የሚልከው ፍሬም የመጣው ከዚህ ብዙም ሳይቆይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ሴይቫ የተባለ ኩባንያ ኮምፒውተር ለማያውቁ አያቶች ብሎ አንድ ፍሬም አወጣ። ዋይፋይ ገና በየቤቱ አልነበረም። ፍሬሙ በቤቱ የስልክ መስመር ላይ ይሰካል፤ ሌሊት ሰው ሲተኛ ራሱ ይደውላል፤ ልጆች የላኩትን ፎቶ ይቀበላል፤ ጧት አያት ሲነሡ አዲስ ፎቶ ይጠብቃቸዋል። ለአገልግሎቱ በየጊዜው ይከፈላል። ሐሳቡ ደግ ነው። እኔ በዚህ ዕቃ ላይ ምንም ጥላቻ የለኝም፤ እናትን የልጅ ልጃቸውን ፊት የሚያሳይ ነገር እንዴት ይጠላል?

አሁን ያሉት በዋይፋይ ይሠራሉ፤ ውስጣዊ አካሄዳቸው ግን ያው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉ። ፎቶው ከልጁ ስልክ ወደ እናቱ ፍሬም በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ የፍሬሙ ኩባንያ ወዳቆመው፣ ምናልባት ሌላ አህጉር ላይ ወዳለ ሰርቨር ይሄዳል። የእናት ፍሬም በየጊዜው ያንን ሰርቨር “የመጣልኝ አለ?” ብሎ ይጠይቃል። ካለ ያወርዳል። ሰርቨሩ የግመል ነጂውን ቦታ ይዟል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ግመል ነጂው ያደረሰውን ፖስታ ቅጂ አለማስቀመጡ ነው።

ሰርቨሩ ሲዘጋስ? ይህ ደርሷል። ፍሬምቻናል የሚባል አገልግሎት የብዙ ኩባንያዎችን ፍሬሞች የሚመግብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘጋ። በየቤቱ የተሰቀሉት ፍሬሞች ማንም ሳይነካቸው አዲስ ነገር መቀበል አቆሙ። በ2016 ደግሞ ሪቮልቭ የተባለ፣ የቤት መብራትና በር የሚያዝ፣ ሦስት መቶ ዶላር ገደማ የተሸጠ ዕቃ ነበር። ኩባንያውን የገዛው ኔስት በግንቦት ወር አገልግሎቱን ሲያጠፋው፣ ጤነኛው ዕቃ በአንድ ቀን ምንም የማይሠራ ሳጥን ሆነ። የተበላሸ ነገር አልነበረውም። ልክ እንደ 1969ኙ ራዲዮ፣ ሩቅ ቦታ ያለ እጅ ታጠፈ። ልዩነቱ፣ ያኔ ያጠፈው መንግሥት ነበር፤ አሁን የኩባንያ የሒሳብ ክፍል ነው።

በእኛ አገር መሐሉ ላይ ያለው እጅ ሁለት ሦስት ነው። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከአርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት ተቋረጠባት። ዘመዶቻቸው ውጭ ያሉ ቤተሰቦች እነዚያን ሳምንታት አይረሷቸውም፤ ሰው በጣም በሚጨነቅበት ሰዓት ነው የጠፋው። በዚያን ጊዜ ቡፌ ላይ ያለ ፍሬም ቢኖር የሚያሳየው ከዚያ በፊት የተቀበለውን ብቻ ነበር።

ከዚህ ያነሱትን ነገሮች እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። በጭሮም፣ በሂርናም፣ በበዴሳም፣ በገለምሶም ብዙ ቤት የራሱ የዋይፋይ መስመር የለውም፤ ኢንተርኔቱ በልጆች ስልክ ነው። ስለዚህ ፍሬሙ የሚሠራው የእናንተን ሆትስፖት ይዞ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ ፍሬሙ ብቻውን ይቀራል። አብዛኞቹ ፍሬሞች ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ሲጠፋ ይጨልማሉ። ብዙዎቹ የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ዓይነት ብቻ ነው፤ የስልካችሁ ሆትስፖት 5 ላይ ከሆነ “አይሠራም” ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት ቀይሩት። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ 100 እስከ 240 ቮልት ካለ ለእኛ ሶኬት ሹኩን የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ግን አትሰኩት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ደግሞ ወላጆች አያውቁትም፤ የእናንተ ሥራ ነው። ከኢንተርኔት ጋር የሚነጋገር ዕቃ ሁሉ በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ቤስት ባይ የተባለው ትልቅ መደብር የሸጣቸው ኢንሲግኒያ የተባሉ የፎቶ ፍሬሞች ከፋብሪካ ጀምሮ የኮምፒውተር ቫይረስ ይዘው ተገኙ። በጥቅምት 2016 ደግሞ ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ያሉ ርካሽ የቤት ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን ጠልፎ ትልልቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አስቆመ። የገባበት መንገድ ያስቃል፤ ካሜራዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል አልተቀየረም ነበር። ባለቤቶቹ ቤታቸው ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ነበር፤ ካሜራቸው ሌላ አገር ሲያጠቃ አላወቁም። በኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የሚሸጡትን የዋይፋይ ካሜራዎች ስትገጥሙ መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። መኝታ ቤትና ልጆች የሚለብሱበት ክፍል ላይ አታቁሙት። ፍሬሙ ማይክና ካሜራ ካለው ደግሞ የት እንደሚጠፋ ፈልጉ፤ እናታችሁ ስለማያውቁ የምታውቁላቸው እናንተ ናችሁ።

ራምቦ ወደ ፈረንሳይ ከላካቸው ፎቶዎች እስከ አሁኑ ድረስ ሳየው፣ ሳይጠፋ የቆየው ነገር አንድ ጠባይ አለው፤ በተቀባዩ ቤት ውስጥ በተቀባዩ እጅ የሚያዝ ነው። ካሴቱ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። አልበሙ ሳጥን ውስጥ ይቆያል። ሰርቨር ላይ ያለው ግን የሰርቨሩን ዕድሜ ነው የሚኖረው።

ስለዚህ ፍሬሙን የምታስተዳድሩ ልጆች ከሆናችሁ፣ በየጥቂት ወሩ ፎቶዎቹን ወደ ሜሞሪ ካርድ ወይም ወደ ፍላሽ ቅዱ። ፍሬሙ መገልበጥ የማይፈቅድ ከሆነ ላኪውን ጠይቁ፤ ዋናውን ፎቶ በቴሌግራም በፋይል መልክ እንዲልክላችሁ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላከው ጥራቱ ይቀንሳል። ከመቶው አምስት ስድስቱን መርጣችሁ ፎቶ ቤት ሄዳችሁ አሳጥቡ። የድሮ ፎቶዎችን ገልብጣችሁ አይታችሁ ከሆነ ጀርባቸው ላይ በብዕር “ለማስታወሻ” ተብሎ፣ ስምና ቀን ተጽፎ ታገኛላችሁ። ፍሬሙ የሚጻፍበት ጀርባ የለውም። አዲሶቹ ላይ እናንተ ጻፉ፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር እሱንም ጻፉ፤ አለዚያ ሰባት ዓመት ነው ስምንት ዓመት ነው እያሉ የሚከራከሩ የልጅ ልጆች ይመጣሉ።